ሌላ፣ ሃምሳ ስምንት ኪሎ

በዋርካ በር ከተማ የጥድ ተራ ነጋዴዎች በቀን አምስት ጊዜ ከየሱቃቸው ይወጣሉ። ደወሉ ሲደወል ሁሉም የያዘውን ጥሎ ደጃፉ ላይ ያቆመውን ነገር አንድ እርምጃ ወደ ግራ ይገፋል፤ ጋሪውን፣ ሚዛኑን፣ የማስታወቂያ ሰሌዳውን። ከገፋ በኋላ እጁን ለአፍታ ያሳርፍበትና ወደ ሥራው ይመለሳል። ማንም ከማንም ጋር አያወራም። ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው ቢያይ ጭፈራ ቢጤ ይመስለው ይሆናል፤ ከነጋዴዎቹ ግን ስቆ የሚያውቅ የለም።

ሄርሜላ የምትገፋው አባቷን ነበር።

አቶ ናታን ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ወደብ ድረስ ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ ሾፌር ናቸው፤ ከአራት ዓመት በፊት ስትሮክ መታቸውና ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ንግግራቸው ትንሽ ይጎተታል እንጂ ጭንቅላታቸው ሙሉ ነው፤ ተረባቸውም አልነጠፈም። የሚኖሩት ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ቀን ብቻቸውን ቤት ቢተዉ ከአልጋ ወድቀው ከጠዋት እስከ ማታ ወለል ላይ ዋሉ፤ ከዚያ ወዲህ ሄርሜላ ቤት ትታቸው ወጥታ አታውቅም። የቦርሳና የዚፕ መጠገኛዋ ደግሞ እሷ ከተቀመጠች ለሌላ ሰው እግር ቦታ የለውም። ስለዚህ ባለ ጎማ ወንበራቸው ሱቁ ደጃፍ ላይ፣ በነጩ መስመር ውስጥ ይቆማል። እንደ ማንኛውም ጎማ እንዳለው ነገር የሰሌዳ ቁጥር አለው።

ደንቡ ግልጽ ነው። በሕዝብ መሬት ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ የቆመና የባለቤቱ እጅ ያላረፈበት ነገር ባለቤት የለውም። ባለቤት የሌለው ነገር ቆሻሻ ነው። ቆሻሻ ደግሞ በዋርካ በር እንዲጣል አይፈቀድም፤ ለዳግም ጥቅም ይሰበሰባል። የሚሰበስበው ቁራሌው ነው።

ድሮ ቁራሌው ማዳበሪያ ተሸክሞ በየሰፈሩ እየጮኸ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ነበር አሉ። አሁን አረንጓዴ መኪና ነው። ሾፌር የለውም። በእግረኛ ፍጥነት ይሄዳል፤ ጥሪውን ግን አልለወጡትም። የማን እንደሆነ የማይታወቅ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ከድምፅ ማጉያው «ቁራሌው!» ይላል፤ ረጋ ብሎ፣ በትሕትና። ሄርሜላ ያንን ትሕትና ስትሰማ እጇን የአባቷ ወንበር ላይ ጣል ታደርጋለች።

የተወሰደ ነገር በልዋጭ ሊመለስ ይችላል። ጎረቤቷ ያብስራ፣ ጁስ ቤት ያለው፣ ዓምና የብረት ሚዛኑ ተወስዶበት የዚያኑ ያህል ሌላ ብረት ሰጥቶ አስመልሷል። ብረት በብረት፣ ጠርሙስ በጠርሙስ ነው። ደግሞም መኪናው ቦታውን ለቆ ከመውጣቱ በፊት መሆን አለበት። ከወጣ በኋላ አቤት ማለት አይቻልም።

ካቻምና ነጋዴዎች ጋሪያቸው ላይ ዕቃ እየከመሩ «ይሄ ጋሪ አይደለም፣ መደብር ነው» ማለት ሲያበዙ ወረዳው ደንቡ ላይ አንዲት ቃል ጨመረ፤ የቆመ ነገር የሚነሣው «ከነጭነቱ» ነው የምትል፤ ከተጫነበት ሁሉ ጋር ማለት ነው። በዚያው ወር ከመናኸሪያው ማዶ አንድ ተሸካሚ ጋሪው ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ጋሪው ዛሬ የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ አግዳሚ ወንበር ሆኗል፤ ጀርባው ላይ «ከአካባቢው ነጋዴዎች የተገኘ» የሚል ተለጥፎበታል። ስለ ተሸካሚው በስብሰባ ላይ የጠየቀ የለም። ሄርሜላም አልጠየቀችም። ያቺ ቃል ስትጸድቅ አዳራሹ ውስጥ ነበረች፤ እጇንም እንደ ሰው ሁሉ አውጥታለች። ከዚያ ወዲህ ፍርሃት ከእሷ ጋር ይተኛል፣ ከእሷ ጋር ይነሣል።

የስብሰባው ጥሪ ማክሰኞ ደረሳት። «የንግድ ተቋማት የዳግም ጥቅም ግዴታና የማቆሚያ ደንብ ማሻሻያ የውይይት መድረክ። ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ከየንግድ ቤቱ አንድ ሰው። መቅረት ፈቃድ ያስነጥቃል።» ሄርሜላ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከእሷ ሱቅ የሚሄድ ሌላ ሰው የለም። የጎረቤቶቿም ነገር ያው ነው፤ ሐሙስ ጠዋት ጥድ ተራ ላይ ሰው አይኖርም ማለት ነው። ታዲያ አባቷን ማን ይገፋል?

«ይዘሻቸው ነያ!» አላት ያብስራ፣ ፓፓያ እየላጠ። «ከኋላ ቁጭ ይላሉ። እንዲያውም ይዝናናሉ፤ እኔ ስናገር ይሰማሉ።»

ያብስራ ልቡ ደግ ነው፤ ማይክ ከያዘ ግን የሚያስለቅቀው የለም።

«ስብሰባው ከሁለት ሰዓት ቢያልፍስ?»

«ምን ችግር አለው? አጠገባቸው አይደለሽ? እጅሽን ጣል ማድረግ ነው።»

ነገሩ ቀላል ሆነላት። ሐሙስ ጠዋት አባቷን ኮታቸውን አልብሳ፣ ጫማቸውን ጠርጋ፣ ለሰርግ እንደሚሄድ ሰው አሰማምራ፣ እሷ የሥራ ሽርጧን እንደታጠቀች ወሰደቻቸው።

አዳራሹ በር ላይ አንዲት ጥበቃ መንገድ ዘጋችባት። «ጎማ ያለው አይገባም።»

«መኪና አይደለም እኮ። አባቴ ናቸው።»

«እሳቸው ይግቡ። ወንበሩ ነው የማይገባው።»

«ያለ ወንበሩ በምን ይግቡ?»

ጥበቃዋ ክፉ ሰው አትመስልም። ዓይኗን ሰበር አድርጋ፣ «እህቴ፣ የታዘዝኩትን ነው» አለች። «ማቆሚያው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። ሁለት ሰዓት ይፈቅዳል። ስብሰባው ደግሞ ከዚያ በፊት ያልቃል ተብሏል።»

ያብስራ እጅጌውን ሰበሰበ። «በቃ እኔ ተሸክሜ አስገባቸዋለሁ።»

«ማንን ነው የምትሸከመው?» አሉ አቶ ናታን። «አገር እያየኝ እንደ ስኳር ጆንያ ልገባ? ወግድልኝ! እዚህ ፀሐይ አለ፣ ንፋስ አለ። እናንተ ግቡና እርስ በርስ ተጨቃጨቁ።»

ሄርሜላ ልትለምናቸው ፈለገች። ግን የአባቷን ፊት አየችው። አራት ዓመት ሙሉ ያለበሰቻቸው፣ ያጠበቻቸው፣ ያጎረሰቻቸው እሷ ናት፤ ዛሬ በሰው ፊት ይቺን ታህል ክብር ቢፈልጉ እንዴት እምቢ ትበል? ወንበሩን እየገፋች ቁጥር አሥራ አራት ውስጥ አስገባችው። ምሰሶው ላይ ያለው ሰዓት በራ፤ ከሦስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ጀምሮ መቁጠር ያዘ።

«አርባ ዓመት ተሳቢ ሳቆም ኖሬ ዛሬ እኔኑ አቆማችሁኝ» አሉ እየሳቁ።

«አምስት ሰዓት ሳይሞላ መጥቼ እጄን አሳርፋለሁ። እሺ አባዬ?»

«ሂጂ ሄርሚ። ሰዓት ማየት እችላለሁ።»

ጉልበታቸውን መታ መታ አድርጋ ገባች። የስም መቆጣጠሪያው ላይ ፈረመች። ወዲያው ከኋላዋ በሩ ሲቆለፍ ሰማች።

«ለምንድን ነው የሚቆለፈው?» ብላ አጠገቧ ያለውን ሰው ጠየቀች።

«ሰዉ ፈርሞ እየሾለከ አስቸገረ እኮ» አላት ሰውየው። «አሁን ቃለ ጉባኤ እስኪፈረም አይከፈትም።»

እውነቱን ነው። እሷ ራሷ ባለፈው ፈርማ አባቷን ልትገፋ ሾልካለች። አሁን ግን የግድግዳው ሰዓት የሚታይበት የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ሰብሳቢው አቶ ክብረአብ በሦስት ሰዓት ሊጀምሩ የነበረውን ስብሰባ በአራት ሰዓት ጀመሩ። የመዘግየታቸው ምክንያት የሥራ ብዛት መሆኑን ገለጹ፤ ተጨበጨበላቸው። ከዚያ ሪፖርት አቀረቡ። ከተማዋ በሩብ ዓመቱ ምን ያህል ቶን እንደሰበሰበች፣ ስንት ምሰሶና ስንት አግዳሚ ወንበር እንደሠራች፣ ከየትኛው ከተማ እንደበለጠች። «ነገር ግን» አሉ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንዳንድ የንግድ ቤቶች ወርሃዊ የዳግም ጥቅም ግዴታቸውን አያሟሉም። በተለይ ጥገና ላይ የተሰማሩት። የሚጣለውን ነገር እየጠገኑ ይመልሱታል። ይህ አመለካከት መታረም አለበት።»

ሄርሜላ አንገቷን ቀበረች። ጭኗ ላይ አሥራ አንድ ገጽ የማሻሻያ ረቂቅ አለ፤ በር ላይ ለሁሉም ታድሏል። አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት ሰማንያ ሰዎች አንዱም አላነበበውም። ግማሹ ማራገቢያ አድርጎታል። እሷ ጠቅልላ ይዛዋለች፤ በላቧ ርሶ ቀለሙ መዳፏ ላይ ቀርቷል። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ታያለች፣ በሩን ታያለች። አራት ከሃያ። አራት ከሃያ አምስት። አንድ የቆርቆሮ ነጋዴ ተነሥቶ ስለ መንገድ መብራት ጠየቀ። አንዲት ሴት ቁራሌው በጠዋት መጥቶ ልጆቿን እንደሚያስነሣባት ተናገረች። ሁሉም ንግግሩን በምስጋና ይጀምራል፤ ምስጋናው ብቻ አምስት ደቂቃ ይወስዳል።

አራት ከሠላሳ ላይ እጇን አወጣች። «ክቡር ሰብሳቢ፣ ለአንድ ደቂቃ መውጣት ፈልጌ ነበር። አባቴ ማቆሚያው ላይ ናቸው፤ እጄን…»

«እህቴ፣ ለአንድ ሰው ከከፈትን ለሁሉም መክፈት ሊሆን ነው» አሉ አቶ ክብረአብ፣ በደግነት። «ቶሎ እንጨርሳለን። ቀጣይ አስተያየት?»

ቀጣዩ ያብስራ ነበር።

ማይኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ስለ ፓፓያ ልጣጭ ጀመረ። ልጣጭ እንዴት እንደሚመዘን፣ እርጥቡና ደረቁ እንዴት እንደሚለያይ፣ አያቱ ድሮ በልጣጭ በግ ያደልቡ እንደነበር። ሰዉ ሳቀ። ሄርሜላ ካለችበት ሆና በዓይኗ ለመነችው፤ አላያትም። አራት ከአርባ። ያብስራ «ሁለተኛውና ዋናው ነጥቤ» ሲል የምታደርገውን ሳታውቀው ተነሣች።

«ክቡር ሰብሳቢ!» ድምፅዋ ቀጠነባት። «ሐሳቡ በበቂ ሁኔታ ተንሸራሽሯል። ወደ ድምፅ ይገባልን!»

አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር አጨበጨበ። ሁሉም ርቦታል፣ ሁሉም ሱቁን ዘግቶ ነው የመጣው። ያብስራ ቅር ብሎት ማይኩን መለሰ። አቶ ክብረአብ ፈገግ አሉ። «እንዲህ ነው የሠለጠነ ነጋዴ! ሐሳብ አቅራቢዋ ስምሽ ማን ነው? ሄርሜላ ናታን። ይመዝገብልን። እንግዲህ ረቂቁ በእጃችሁ ስላለ ማንበብ አያስፈልግም። የምትደግፉ?»

እጇን ከሁሉም ቀድማ፣ ከሁሉም ከፍ አድርጋ አወጣች። በልቧ «ቶሎ፣ ቶሎ፣ ቶሎ» ትላለች። ሰማንያ እጅ ወጣ።

«ተቃውሞ? የለም። ድምፀ ተአቅቦ? የለም። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።» አቶ ክብረአብ ወረቀቱን ገለጡ። «ዋና ዋናዎቹን ለማስታወስ ያህል፣ የጥገና ቤቶች ግዴታ በእጥፍ አድጓል። አንቀጽ አምስት ላይ ‹ሁለት ሰዓት› የሚለው ‹አንድ ሰዓት› በሚለው ተተክቷል። ደንቡ ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ የጸና ነው።»

ጭብጨባው ቀጠለ። የሄርሜላ እጅ ገና አልወረደም ነበር። አንድ ሰዓት። አባቷን ካቆመች አንድ ሰዓት ከአርባ ስድስት ደቂቃ ሆኗታል። ነገሩ አእምሮዋ ውስጥ እስኪገባ ጥቂት ጊዜ ወሰደ። ቀድሞ የገባው ከውጭ የመጣው ድምፅ ነው።

«ቁራሌው!»

ወንበሮች እየገለበጠች ወደ በሩ ሮጠች። «ክፈቺ! ክፈቺልኝ!»

ጥበቃዋ ቁልፉን ጨብጣ ወደ መድረኩ አየች። «ቃለ ጉባኤው ገና…»

«አባቴን እየወሰዱት ነው! በእናትሽ! በወለደችሽ!»

ጥበቃዋ ከዚያ በኋላ ማንንም አላየችም። በቁልፉ ቀዳዳውን ሁለት ጊዜ ሳተችው፤ በሦስተኛው ከፈተች።

ቁጥር አሥራ አራት ባዶ ነበር። ምሰሶው ላይ አንዲት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች። «የሰሌዳ ቁጥር 4471፣ ከነጭነቱ። አሉሚኒየም፣ ዘጠኝ ኪሎ። ጎማ፣ ሁለት ኪሎ። ጨርቅ፣ ሦስት ኪሎ። ቆዳ፣ አንድ ኪሎ። ሌላ፣ ሃምሳ ስምንት ኪሎ።»

ሌላ የሚለው ላይ ዓይኗ ቀረ። አባቷ ሌላ ነበሩ።

መኪናው ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ላይ የአንድ ሰው ብስክሌት እያነሣ ነው። ከግቢው መውጫ በር ሠላሳ እርምጃ ቢቀረው ነው። ደርሳበት በጎኑ ያለውን ወንፊት ብረት ጨበጠች። አባቷ ውስጥ ናቸው፤ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ከአሮጌ በርሜልና ከጎማ ክምር መሃል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ሄርሚ» አሉ። «ገና አልሞላም ነበር። ሰዓቱን እያየሁ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ አባዬ። አውቃለሁ።»

«አሥራ አራት ደቂቃ ይቀረው ነበር።»

«ልዋጭ!» ብላ ጮኸች በሙሉ ጉሮሮዋ። «ልዋጭ! ልዋጭ!»

መኪናው ቆመ። የኋላው መቀበያ ተከፈተ። ሽማግሌው ድምፅ በትሕትና፣ «ልዋጭ ጠይቀዋል። የሚፈልጉትን ክፍል ይግለጹ» አለ።

«አባቴን! ሌላ የተባለውን!»

«ሌላ፣ ሃምሳ ስምንት ኪሎ። ሦስት ደቂቃ አለዎት።»

ዞር ስትል አዳራሹ ሁሉ ወጥቶ ቆሟል። «ምን ትጠብቃላችሁ! ስጡኝ! ያላችሁን ስጡኝ!»

መጀመሪያ የነቃው ያብስራ ነው። ሮጦ ገብቶ የአዳራሹን ወንበሮች አራት አራት እያነባበረ ያወጣ ጀመር። ሌሎቹም ተከተሉት። ወንበሮቹ ከእጅ ወደ እጅ እያለፉ መቀበያው ውስጥ ወደቁ። «የመንግሥት ንብረት ነው!» የሚል የአቶ ክብረአብ ድምፅ ከበሩ ላይ ተሰማ፤ የሰማው የለም።

«ፕላስቲክ፣ ሰባ ሁለት ኪሎ» አለ ድምፁ። «ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን። ሌላ የሚለወጠው በሌላ ነው። ሁለት ደቂቃ አለዎት።»

ካፖርት ወረወሩ፤ ጨርቅ ተባለ። ጫማቸውን አወለቁ፤ ቆዳ ተባለ። ጥበቃዋ ቀበቶዋን ከነዘለበቱ፣ አንዲት ሴት የአንገት ሐብሏን፣ የቆርቆሮ ነጋዴው ዘንቢሉን ከነአትክልቱ ሰጡ። መኪናው ሁሉንም ተቀበለ፤ ሁሉንም በስሙ ጠራ፣ ለሁሉም አመሰገነ። ለማናቸውም ግን አቶ ናታንን አልመለሰም።

«አንድ ደቂቃ አለዎት።»

አሁን ሁሉም ገብቶታል፤ ሌላ የሚባለው ሰው ነው። ባዶ እግራቸውን አስፋልቱ ላይ የቆሙት ሰማንያ ሰዎች መጀመሪያ መኪናውን፣ ቀጥሎ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ያብስራ ካልሲውን ይመለከት ነበር። ሄርሜላ አልተቀየመችውም። ፈርቷል፤ እሷም ፈርታለች። እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ግን ውስጥ ያሉት አባቷ ናቸው፣ እጇን ያወጣችው ደግሞ እሷ ናት።

መቀበያው ላይ ወጣች።

«ሄርሜላ!» አሉ አቶ ናታን። ከአራት ዓመት ወዲህ እንዲህ ጮኸው አያውቁም። «ውረጂ! ውረጂ ብያለሁ! እኔ ኖሬያለሁ፣ ልጄ! ያዟት! ሰው የለም እንዴ!»

«ሌላ» አለ ድምፁ፣ «ሃምሳ ስምንት ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም። ልዋጩ ተቀባይነት አግኝቷል።»

አንድ ረዥም ክንድ ከጣሪያው ወርዶ አቶ ናታንን ከወንበራቸው አነሣና በጎን በኩል አውጥቶ አስፋልቱ ላይ አስቀመጣቸው። ወንበራቸው፣ ኮታቸውና ጫማቸው ውስጥ ቀሩ፤ እነዚያ ለብቻቸው ነው የሚለወጡት። ያብስራ ተሯሩጦ ከመሬት አነሣቸው። መቀበያው ተዘጋ። ሄርሜላ በወንፊቱ ብረት ቀዳዳ አባቷን አየቻቸው። ወጥተዋል። ለአፍታ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ፣ ፍርሃቷ ለቀቃት።

«መልስ አለዎት» አለ ድምፁ። «ሌላ፣ ሦስት መቶ ግራም። እባክዎ ይጠብቁ።»

መጀመሪያ ምን እንደተባለ አልገባትም። ውጭ ያሉት ቀድመዋት ገባቸው፤ መልሱ የሚሰጠው ከእሷው ተቆርጦ ነው።

«መልሱን ያዘው!» ብሎ ጮኸ ያብስራ። «አንፈልግም! መልሱን ያዘው!» ሌላውም ጮኸ፣ ቀጥሎ ሁሉም፣ ታክሲ ውስጥ እንዳለ ሰው፣ እያለቀሱ። «ያዘው! ያዘው በቃ!»

«መልስ መብትዎ ነው» አለ ድምፁ።

ሄርሜላ የሽርጥ ኪሷን ዳበሰች። የሥራ መቀሷ አለ። ሹሩባዋን ከሥሩ ያዘችና ቆረጠችው፤ ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም። የራስ ቅሏ እስኪታይ ድረስ ቆረጠች፤ ጸጉሯን በሁለት እጇ አፍሳ ወደ ላይ ዘረጋች። ክንዱ ጸጉሩን ከእጇ ተቀበለ።

«ሌላ፣ አንድ መቶ ስድሳ ግራም። የቀረ መልስ፣ አንድ መቶ አርባ ግራም። እባክዎ ይጠብቁ።»

ጥፍሮቿን አየች። አጫጭር ናቸው፤ ዚፕ የሚጠግን ሰው ጥፍር አያሳድግም። ሌላ የምትሰጠው ነገር ፈለገች። ክንዱ ከጣሪያው መውረድ ጀምሯል፤ አይቸኩልም። በቀዳዳው አጮልቃ ስታይ አባቷ በያብስራ እቅፍ ውስጥ ሆነው ዓይናቸውን አልነቀሉላትም፤ በደኅናው እጃቸው አየሩን ይቧጥጣሉ።

«ያብስራ!» ብላ ጮኸች። «ፊቱን አዙርልኝ! አባዬ እንዳያይ!»

ያብስራ አዞራቸው።